«ጠርሙሱ ቶሎ ይሞላል» ያለችኝ ልጅ

ሰሞኑን ፒኤችዲ የጀመረች አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። «አሲድ ሲበዛ የኩላሊት ሴል ፖታሲየም ማስወጣቱን ይቀንሳል ይላሉ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ አሲድ የበዛበት ሰው ፖታሲየሙን በሽንት ያጣል ይላል፣ የቱን ልመን?» ትላለች። ጥያቄዋ ቀላል ነው፣ እኔ ግን ሌሊቱን የድሮ ላብራቶሪያችንን አንድ ጠርሙስ ሳስብ አደርኩ።

ያኔ ከእናንተ ከወጣት ተመራማሪዎቹ ብዙም አልበልጥም ነበር። ከኩላሊት ቱቦ መጨረሻ አካባቢ የተወሰዱ ሴሎችን ስስ ሜምብሬን ላይ አሳድገን፣ በላያቸው ፈሳሽ እያሳለፍን የሚወጣውን ፖታሲየም በኤሌክትሪክ መለኪያ እንከታተላለን። ፓምፕ የለንም፣ ፈሳሹ ከመደርደሪያ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) እንደ ጤነኛ ደም 7.4 የሆነው ጠርሙስ ታች፣ አሲዱ ደግሞ ቦታ ስለጠበበ ላይ። (ፈሳሹ ውስጥ ያለው፣ አሲድነቱን በቀለም የሚያሳየው ማቅለሚያ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፣ አሲዱ ቢጫ፣ ከኢንኩቤተር ወጥቶ የቆየው ደግሞ ወይን ጠጅ እየመሰለ ይሄዳል፣ በጣም ነበር የምወደው።) እና አሲዱን ስከፍተው ይወርዳል የተባለው የፖታሲየም መስመር ግራፉ ላይ ሽቅብ ወጣ! አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

የሚፈሰውን የሚቀበለውን ጠርሙስ የምትደፋው ቴክኒሻናችን ነበረች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ። አንድ ቀን «አሲዱ ሲሆን እኮ ይሄ ጠርሙስ ቶሎ ነው የሚሞላው» አለችኝ። እኔ ዓይኔ ግራፉ ላይ ነው፣ ፊቴንም ሳላዞር «እሺ፣ ድፊው» አልኳት። በቃ፣ ይሄው ነው።

ውጤቱን ስብሰባ ላይ አቀረብኩት፣ ተጨበጨበልኝ። በዓመቱ ፓምፕ መጣና ሁለቱንም በእኩል ፍጥነት ሳሳልፍ መስመሩ ወረደ። ለካ የአሲዱ ጠርሙስ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ፈጥኖ ይወርድ ነበር፣ ፖታሲየሙን ያስወጣው አሲዱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ፈሳሹ ሲፈጥን ሴሉ አናት ላይ ያለችውን ፀጉር የምታህል ሲሊያ ያጎብጣታል፣ ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፣ እሱ ደግሞ ትልልቆቹን የፖታሲየም ቻናሎች (ፖታሲየም የሚያልፍባቸውን በሮች) ይከፍታል። አሲድ ግን ሴሉ ውስጥ ሲገባ ዋናውን የፖታሲየም ቻናል ይዘጋዋል። እርማቱን ጻፍኩ፣ ግን ስህተቱን ራሴ እንደደረስኩበት አድርጌ ነው የጻፍኩት። ቀድማ የነገረችኝ ቴክኒሻናችን ያኔ ሥራ ለቃ ነበር። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ስህተቱ አይደለም፣ እሷን አለማንሳቴ ነው።

የዛሬ ወጣቶች ሶፍትዌሩ የሳለላችሁን ግራፍ ቶሎ ታምናላችሁ፣ ጠርሙሱ ጋ ሄዶ የሚያይ ጥቂት ነው። ይሄን የምለው ግን እኔም ራሴ ግራፉን ስመለከት ጠርሙሱ ያመለጠኝ ሰው ሆኜ ነው፣ እንደውም እናንተ ከኛ ይልቅ ትጠይቃላችሁ።

ሙከራ ስትሠሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ይሄን አጥብቄ እላለሁ። ኩላሊት ግን እንደዛ አይሠራም። በቀን 180 ሊትር ገደማ አጣርቶ አብዛኛውን ይመልሳል፣ ሽንት ሆኖ የሚወጣው 1.5 ሊትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ መመለሱ ላይ ትንሽ ከጎደለ ታች የሚደርሰው ፈሳሽ በጣም ይበዛል። አሲድ ለቀናት ሲቆይ የሚሆነው እሱ ነው፣ የቱቦው መጀመሪያ ሶዲየምና ውሃ መመለሱን ይቀንሳል፣ ታች ፍሰቱ ይፈጥናል፣ ፖታሲየሙም ተጠርጎ ይወጣል። በሰዓታት ውስጥ አሲዱ ቻናሉን ይዘጋል፣ በቀናት ውስጥ ፍሰቱ ያሸንፋል። ሁለቱም ጽሑፎች ልክ ናቸው እንግዲህ፣ የኔ የተበላሸው ሙከራም ሳላውቀው ሰውነት የሚያደርገውን ነበር የሚያሳየኝ፣ ይሄ ግን ምንም አያጽናናኝም።

ይሄን ሁሉ ለጠየቀችኝ ተማሪ ጻፍኩላትና ፍሰቱን በምን እንደምትለካው ጠየቅኳት። «ፓምፑ ላይ የሚያሳየውን ነው የምወስደው» አለችኝ። የፓምፕ ጎማ እኮ ሲያረጅ ይላላል፣ ቁጥሩ ያው ሆኖ የሚያሳልፈው ግን ይቀንሳል። በይ ነገ ሰዓትና ሲሊንደር ይዘሽ ራስሽ ለኪው፣ ጠርሙሱን የሚደፋውንም ሰው ጠይቂው አልኳት።