ወታደር ከመሆናችሁ በፊት የተበደራችሁት ዕዳ፦ ስለ 6 በመቶው ወለድ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁ በርከት ስላሉ የሚመሳሰሉትን እያጣመርኩ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ልናገር፣ ጠበቃ አይደለሁም። አርሚ ውስጥ ሳለሁ ከባንክ ጋር የሚነታረኩ ወታደሮችን ወረቀት ሳዘጋጅ የኖርኩ ሰው ነኝ። የምናወራው ወታደሮችን ከዕዳ ጫና ስለሚጠብቅ የአሜሪካ ሕግ ነው። ሁሉም ኤስሲአርኤ እያለ ነው የሚጠራው። በ1940 የወጣውን አሮጌ ሕግ ተክቶ በ2003 ጸደቀ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጄ አርሚ ሊገባ ነው። መኪናውን የገዛው በ18 በመቶ ወለድ ነው፤ ለአገሩ አዲስ ስለነበር ክሬዲት (የብድር ታሪክ) አልነበረውም። ወለዱ ይቀነስለታል ያሉኝ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እናቴ። አክቲቭ ዱቲ (የሙሉ ጊዜ ወታደራዊ አገልግሎት) ከመግባቱ በፊት የፈረመው ዕዳ እስከሆነ ድረስ፣ በአገልግሎት ላይ ባለበት ጊዜ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ ወለድ ሊያስከፍሉት አይችሉም።

በቁጥር ላሳይዎት። ቀሪ ዕዳው 18,000 ዶላር ነው እንበል፤ በ5 ዓመት የሚከፈል፣ ወሩ 457 ዶላር። በ18 በመቶ የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 270 ዶላር ነው። በ6 በመቶ ግን 90። የ180 ዶላሩ ልዩነት ይሰረዛል። ይሰረዛል ስል ይጠፋል ማለቴ ነው፤ ልጅዎ ሲመለስ ተጠራቅሞ አይጠብቀውም። ወርሃዊ ክፍያውም በዚያው ልክ ወደ 277 ዶላር መውረድ አለበት።

ይቺን ነገር ባንክ ቤት ስልክ የሚያነሱት ሠራተኞችም አንዳንዴ ያምታቷታል። «ወለዱን ቀንሰናል፣ ክፍያህ ግን ያው 457 ነው፤ ትርፉ ከዋናው ዕዳ ይቀነስልሃል» ይላሉ። ሕጉ እንደዚያ አይልም። ክፍያው ራሱ ይወርዳል። ልጁ ቶሎ መጨረስ ከፈለገ በገዛ ፈቃዱ ጨምሮ ይክፈል፤ ያ የእሱ ምርጫ ነው።

ባንኩ ወታደር መሆኔን ራሱ አይቶ ይቀንሳል ወይስ መጠየቅ አለብኝ?

ጠይቅ። መከላከያ ሚኒስቴሩ ማን በአገልግሎት ላይ እንዳለ አበዳሪዎች የሚያጣሩበት የመረጃ ቋት አለው። አንዳንድ ባንኮች እሱን አይተው ራሳቸው ይቀንሳሉ። የመንግሥት የተማሪ ብድር የሚያስተዳድሩት ድርጅቶች ደግሞ የማጣራት ግዴታ አለባቸው። የመኪና አበዳሪ፣ የክሬዲት ካርድ ኩባንያ፣ የግል የተማሪ ብድር ከሆነ ግን ዝም ብለህ ብትቀመጥ ማንም አይደውልልህም።

የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፤ በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄና የኦርደርህ፣ ማለትም ለአገልግሎት የተጠራህበት ትእዛዝ ቅጂ። ደብዳቤው ረጅም አይሁን። ሙሉ ስምህን፣ የአካውንት ቁጥርህን፣ አክቲቭ ዱቲ የገባህበትን ቀን ጻፍ። ቀጥለህ «በኤስሲአርኤ መሠረት ወለዱ ከዚህ ቀን ጀምሮ ወደ 6 በመቶ እንዲወርድ፣ ትርፉ እንዲሰረዝ፣ ወርሃዊ ክፍያዬም እንዲስተካከል እጠይቃለሁ» በል። በእርግጥ በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፈው። ስትልክ በሰርቲፋይድ ፖስታ ይሁን፣ የመድረሻ ማረጋገጫው ወረቀት ይመለስልህ። በባንኩ ድረ ገጽ ካስገባህም ስክሪኑን ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ። ሦስት ካርድና አንድ መኪና ካለህ አራት ደብዳቤ ነው፤ አንዱ ባንክ ለሌላው አይነግርልህም።

በስልክ «እሺ፣ መዝግበነዋል» ቢሉህ አትመናቸው። ሕጉ የሚያውቀው ጽሑፍ ነው።

ደግሞ ይህን ሥራ በገንዘብ እንሠራላችኋለን የሚሉ አሉ። አንድ ሳንቲም እንዳትከፍሉ።

ባለቤቴ ቤዚክ ትሬኒንግ (የመጀመሪያው ወታደራዊ ሥልጠና) ላይ ነው፤ ስልኩን ወስደውበታል። ደብዳቤ ሳይጽፍ ነው የሄደው። አለቀልን?

ኧረ አላለቀም፣ እህቴ። ከአገልግሎት ከወጣ በኋላ እንኳ 180 ቀን ድረስ መጠየቅ ይችላል። መቼም ይጠይቅ፣ ቅነሳው የሚቆጠረው ለአገልግሎት ከተጠራበት ቀን ጀምሮ ነው። እስካሁን በትርፍ የከፈላችሁት ይታሰብላችኋል።

ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ምን አስፈለገ? በየወሩ ከኪሳችሁ የሚወጣው የራሳችሁ ብር ነው። ከመሄዱ በፊት የውክልና ሥልጣን ሰጥቶሽ ከሆነ ኦርደሩን አያይዘሽ አንቺው ላኪው። ካልሰጠሽ በእሑድ ስልክ ሲደውል ንገሪው፤ ጦር ሰፈሩ ውስጥ የሕግ ቢሮ አለ፣ ውክልና በነጻ ያዘጋጃሉ። ገና ያልሄዳችሁ ልጆች ደግሞ ውክልናውን ሻንጣ ከማሰናዳታችሁ በፊት ጨርሱ።

ክሬዲት ካርዴ ላይ 4,000 ዶላር ዕዳ አለ፤ ወለዱ 24 በመቶ ነው። ካርዱን እየተጠቀምኩበት ብቀጥልስ?

ከመግባትህ በፊት የነበረው 4,000 ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። በወር 80 ዶላር ገደማ የነበረው ወለድ 20 ይሆናል። ከገባህ በኋላ የምትገዛው ግን አዲስ ዕዳ ነው፤ የተለመደው ወለድ ይታሰብበታል። አንድ ካርድ ላይ ሁለት ዓይነት ወለድ ሲደባለቅ ሒሳቡ ያዞራል። አሮጌውን ካርድ መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበትና ዕዳውን ብቻ እየከፈልክ ጨርስ።

አንድ ጥሩ ነገር ልጨምርልህ፤ ሕጉ ወለድ ሲል የአገልግሎት ክፍያንና ሌሎች ክፍያዎችንም ይጨምራል፤ ከእውነተኛ ኢንሹራንስ በስተቀር። ስለዚህ በወለድ የቀነሱትን በሌላ ስም መልሰው ሊወስዱብህ አይችሉም። አንዳንድ ትልልቅ ባንኮች በራሳቸው ፈቃድ ከ6 በመቶም በታች ይወርዳሉ፤ ጠይቃቸው።

ትሬኒንግ ጨርሼ የመጀመሪያ ደመወዜ እንደገባ ከካምፑ በር ፊት ለፊት ካለ ዲለር መኪና ገዛሁ። ወለዱ 22 በመቶ ነው። ይሄስ ይቀነሳል?

አይቀነስም፣ ወንድሜ። ዩኒፎርም ከለበስክ በኋላ የተፈረመ ነው። በአገልግሎት ላይ እያሉ ለሚወሰድ ብድር የወጣ ሌላ ሕግ አለ፤ የ2006 ሕግ ነው፣ ጠቅላላ ወጪው ከ36 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። እሱም ቢሆን መኪናውን ራሱን መያዣ አድርጎ ለመኪና መግዣ የሚወሰደውን ብድር አያካትትም። ዲለሮቹ ይህን አሳምረው ያውቁታል። ለዚህም ነው በየጦር ሰፈሩ በር እንደ እንጉዳይ የፈሉት።

አሁን ያለህ መንገድ ወታደሮችን የሚያገለግል ክሬዲት ዩኒየን (የቁጠባና ብድር ማኅበር) ሄደህ ሪፋይናንስ ማድረግ፣ ማለትም አሮጌውን ብድር በአዲስ መተካት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ሪፋይናንስ የሚጠቅመው የእሱን ዓይነት ዕዳ ላለበት ነው። ከመግባቱ በፊት የተበደረ ሰው በአገልግሎት ላይ ሳለ ሪፋይናንስ ካደረገ አዲስ ብድር ፈረመ ማለት ነው፤ የ6 በመቶው መብት አብሮ ይሄዳል። ብድር እናጠቃልልልህ እያሉ ሲደውሉ መጀመሪያ ይህን አስቡ።

ሪዘርቭ (ተጠባባቂ ጦር) ነኝ፤ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው የምሰለጥነው። ይመለከተኛል?

ለወርሃዊው ልምምድ አይመለከትህም። አክቲቭ ዱቲ ስትጠራ ግን ይመለከትሃል፤ ጥበቃውም የሚጀምረው ኦርደሩ እጅህ ከገባበት ቀን ነው። በሁለት ጥሪ መካከል የተበደርከው ዕዳም ለሁለተኛው ጥሪ «ከመግባትህ በፊት የነበረ» ይባላል። ናሽናል ጋርድ (የግዛቱ ጦር) ከሆንክ ማን እንደጠራህ እይ። የግዛቱ ገዢ ለጎርፍ ወይም ለበረዶ ከጠራህ የፌዴራሉ ሕግ አይሸፍንህም፤ የራሳቸው ሕግ ያላቸው ግዛቶች ስላሉ እሱን ጠይቅ። ለብሔራዊ አደጋ በፌዴራል ገንዘብ ከ30 ተከታታይ ቀን በላይ ከሆነ ግን ሊሸፍንህ ይችላል።

ብድሩ በእኔና በባለቤቴ ስም ነው። የእሷ ብቻ የሆነ ካርድም አለ።

የጋራችሁ ይቀነሳል። የእሷ ብቻ የሆነው አይቀነስም።

ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ላይስ?

ይሠራል፤ እንዲያውም ከአገልግሎት ከወጣህ በኋላ አንድ ዓመት ይቀጥላል። ሌሎቹ ዕዳዎች ከአገልግሎት ስትወጣ ወደ ድሮው ወለድ ይመለሳሉ። የተማሪ ብድር፣ የግልም የመንግሥትም፣ ይካተታል።

ሹፌር ሆኜ ከማገኘው የአርሚ ደመወዝ ይሻላል። ባንኩ «አልተጎዳህም፣ አንቀንስልህም» ሊለኝ ይችላል?

እሱ ራሱ ሊወስን አይችልም። አገልግሎቱ የመክፈል አቅምህን አልነካውም ብሎ ካመነ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስወሰን ያለበት እሱ ነው። ያንን ትእዛዝ እስኪያመጣ ይቀንሳል። እያወቀ ከሕጉ በላይ የሚያስከፍል ደግሞ ወንጀል ይሠራል።

ይህን መብት ብጠይቅ ክሬዲቴ ይበላሻል?

መብቱን በመጠየቅህ ብቻ ክሬዲትህ ላይ መጥፎ ነገር ማስመዝገብ ወይም ሌላ ብድር መከልከል ክልክል ነው። ክፍያ ካሳለፍክ ግን ያው ይመዘገብብሃል።

ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም።

ምንም አይደለም። የሚታየው አገልግሎትህ ነው።

አዲስ አበባ ለቤት የተበደርኩት የባንክ ዕዳ አለ። እዚህ ደግሞ የእቁብ ዕዳ አለብኝ፤ ገና በሁለተኛው ዙር ወጥቶልኝ በልቼዋለሁ።

የአዲስ አበባው ባንክ በአሜሪካ ሕግ አይገዛም፤ ከእነሱ ጋር በውልህ መሠረት ተነጋገር። እቁብ ደግሞ ወለድ የለውም፣ ስለዚህ የሚቀነስ ነገር የለም። ከመሄድህ በፊት ለእቁቡ ዳኛ ንገርና የሚጥልልህ ሰው ተካ። አለዚያ ዋስህን ነው የምታስጨንቀው።

ደብዳቤውን ልኬ ወራት አለፉ፣ መልስ የለም። ጭራሽ መኪናውን እንወስዳለን ይላሉ።

ከመግባትህ በፊት ቅድሚያ ክፍያ ወይም አንድ ወር እንኳ ከፍለህ ከሆነ፣ በአገልግሎት ላይ እያለህ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መኪናውን ሊወስዱት አይችሉም። ዛሬውኑ ወደ ጦር ሰፈሩ የሕግ ቢሮ ሂድ፤ ነጻ ነው። ከእነሱ የሚወጣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ባንኩን ያነቃዋል። ካልሆነ ለፌዴራሉ የተጠቃሚዎች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ አስገባ፤ ሕጉን በማስፈጸም በኩል ደግሞ ፍትሕ ሚኒስቴሩ ራሱ ይከሳል። ስትሄድ ኦርደርህን፣ የብድር ውሉን፣ የከፈልክባቸውን ደረሰኞችና የፖስታውን ማረጋገጫ ይዘህ ሂድ።