«ሲያወሩ አይሰማም፣ ሲተኮስ ጎረቤት ይነቃል»

«ጋሼ፣ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኔ 3.6 በ4.5 ሜትር ነው። 43 ኢንች ቲቪ አለኝ፤ ሶፋው ኤል ሼፕ ሲሆን ጀርባው ግድግዳ ነክቷል። ፊልም ሳይ ሰዎቹ ሲያወሩ አይሰማኝም፤ ድምፅ ስጨምር ተኩሱ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። 5.1 የሚባለውን፣ አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) ያለውን ላስገባ ብዬ ሱቅ ስጠይቅ 5000 ዋት የተጻፈበት ሙሉ ሆም ቲያትር አሳዩኝ። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ደግሞ ያገለገለ ሪሲቨር በርካሽ አግኝታ፣ ለጥምቀት ስትመጣ ይዛልኝ ልትመጣ ነው። ገንዘቤ ትንሽ ናት። የቱን ላድርግ?»

መጀመሪያ እህትህን አስቁማት። ያገኘችው ሪሲቨር የዲሹ ዓይነት አይደለም፤ አምስቱንም ስፒከር የሚነዳ አምፕሊፋየር ነው። ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልህ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ይላል። የእኛ ሶኬት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበል ሰው ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ይመስለዋል። አምፕሊፋየር ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ከባድ ትራንስፎርመር ያለውና አንድ ቮልቴጅ ብቻ የሚያውቅ ዕቃ ነው።

አንድ ደንበኛዬ እንዲሁ ከአሜሪካ የመጣለትን፣ አንድ ጭረት የሌለበት አምፕሊፋየር በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰካው። ቀጭ አለና ጠፋ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምናልባት ፊውዝ ብቻ ቀይሬ እመልስለት ነበር። እሱ ግን የሰፈር ልጅ አስጠርቶ ፊውዙን በሲጋራ ብር ወረቀት አስጠቀለለው። እኔ ጋ ሲመጣ ክዳኑን ገና ሳነሳው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ የትራንስፎርመሩ ጥቅል ከሰል መስሏል። ተመሳሳዩን ፈልጌ አጣሁ። ዛሬ ዕቃው መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ለሌሎች መለዋወጫ ይሰጣል።

ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼስ? ይቻላል። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው የኃይል ፍጆታ እጥፍ የሚችል፣ ሲያነሱት እጅ የሚጎትት የብረት ትራንስፎርመር መሆን አለበት፤ ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ቀላል መቀየሪያ አይሆንም። መብራቱ ወደ 180 ሲወርድ ግን አምፕሊፋየሩ የሚደርሰው 90 ነው፤ ፊልሙ መሀል ላይ ይጠፋብሃል። ባለችህ ገንዘብ ይህን አልመክርህም። አምፕሊፋየሩን እዚሁ፣ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ባለ 220 ቮልት ያገለገለ ፈልግ። ስትገዛ አምስቱንም ቻናል፣ ማለትም የድምፅ መውጫ፣ በየተራ ስፒከር እየሰካህ አስጩኸው፤ አንዱ ቻናል የሞተበት ዕቃ ገበያው ላይ ብዙ ነው።

እህትህ ስፒከር ታምጣልህ። ተራ ስፒከር ሶኬት ላይ አይሰካም፣ ስለዚህ 120 እና 220 የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለት ጥንድ ትናንሽ የመደርደሪያ ስፒከሮች በልብስ ተጠቅልለው በ23 ኪሎ ሻንጣ ይገባሉ። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሦስቱ ከፊት ይቆማሉ፣ አራተኛው ቁጭ ብሎ የኋላ ስፒከር የሚገባበትን ሁለተኛውን ዙር ይጠብቃል። የራሱ መብራት ያለው ሰብዉፈር ግን እንዳታመጣ፤ እሱም እንደ አምፕሊፋየሩ ነው።

ያ 5000 ዋት የሚለውን ካርቶን ገልብጠህ፣ ዕቃው ከሶኬት የሚወስደውን አንብብ። 80 ወይም 100 ዋት ይላል። 80 ዋት ገብቶ 5000 የሚወጣበት ሳጥን ቢኖር ግድብ ለመሥራት ምን አደከመን? ሻጩ የሚጠራው ቁጥር ለቅጽበት የሚዘለውን ጫፍ የሚቆጥር፣ ያም ተጋኖ የተጻፈ ነው። አንተን የሚመለከትህ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። ዋቱን እጥፍ ብታደርገው ደግሞ ጆሮህ የሚያገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ልብ ካላልክ ልዩነቱን አታውቀውም። ለ3.6 በ4.5 ሳሎን በቻናል እውነተኛ 50 ዋት ይበቃል፣ ይተርፋልም።

አሁን ወደ ዋናው ሕመምህ። በ5.1 ፊልም ንግግሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከመሀለኛው ቻናል ነው። ቲቪህ ያንን ከሙዚቃውና ከተኩሱ ጋር ደባልቆ፣ ወደ ታች በሚያዩ ሁለት ቀጫጭን ስፒከሮች ያወጣዋል። ስለዚህ አምስቱን በአንድ ቀን መግዛት የለብህም። አምፕሊፋየሩና ሦስቱ የፊት ስፒከሮች ብቻ ችግርህን ይፈቱልሃል። በአምፕሊፋየሩ ሜኑ ውስጥ «ሰብዉፈር የለም፣ የኋላ ስፒከር የለም» በለውና የመሀለኛውን ድምፅ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ከፍ አድርግ። ያኔ ጠቅላላውን ድምፅ ሳትጨምር ንግግሩ ይሰማሃል፤ ጎረቤትህም ይተኛል። አራቱ ስፒከሮች ሳይመጡ ደግሞ የመኪና ስፒከር ጣውላ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ሊሸጥልህ የሚሞክር አይጠፋም። የመኪና ስፒከር ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው፤ የቤት አምፕሊፋየር ጀርባ ላይ ከ6 እስከ 8 ኦም ይላል። ድምፅ ስትጨምር አምፕሊፋየሩ ግሎ ራሱን ያጠፋል፣ አለዚያም ይቃጠላል።

አቀማመጡን በሜትር ለካ። ከመቀመጫህ እስከ ግራውም እስከ ቀኙም ስፒከር 2.7 ሜትር ካለህ፣ በሁለቱ ስፒከሮች መካከልም 2.7 ሜትር ይሁን፤ ሦስት ማዕዘኑ እኩል ይሆናል። ግድግዳህ 3.6 ስለሆነ በየጥጉ 45 ሳንቲ ሜትር ይተርፍሃል። መሀለኛውን ቡፌው ውስጥ እንዳትወሽቀው፤ ሰው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ከቲቪው ሥር፣ የቡፌው ጠርዝ ድረስ አውጥተህ አስቀምጠውና ፊቱ ወደ ጆሮህ ቀና እንዲል ከፊት በኩል የላስቲክ ቁራጭ አድርግበት። ዳንቴሉን በተመለከተ ከእናቶች ጋር አልጣላም፤ ስፒከር ላይ ያለ ስስ ዳንቴል ብዙም አይጎዳም። አምፕሊፋየሩ ላይ ከተዘረጋ ግን የአየር መውጫውን ይዘጋዋል። ስንቱን እንደዚያ ታፍኖ ሞቶ እንደከፈትኩት አልነግርህም!

የሶፋህ ጀርባ ግድግዳ ስለነካ ስፒከር ከኋላህ ማስቀመጥ አትችልም፤ ደግሞም ግድ አይደለም። የኋላ ስፒከር ትክክለኛ ቦታው ከጎንህ ትንሽ ወደ ኋላ አለፍ ብሎ፣ ከፊትህ አቅጣጫ ሲለካ 110 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሶፋውን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ሳበውና ሁለቱን በጎን ግድግዳዎች ላይ፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ስቀል። በኤሉ አጭር ክንፍ በኩል የሚቀመጥ ሰው ስፒከሩ ጆሮው ሥር እንዳይጮህበት ያ ከፍታ ያስፈልጋል። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ አጭር ፊሸር ተሽከርክሮ ይወጣል። ረጅሙን ተጠቀም፣ ወይም ብሎኬቶቹ የሚገናኙበትን ሲሚንቶ ፈልገህ ብሳ።

ሽቦ ላይ ገንዘብ አታባክን። ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ድርብ ተጣጣፊ ገመድ እስከ 10 ሜትር ድረስ ያለ ሐሳብ ይሠራልሃል። ከዘኮሎው በላይ አስጠግተህ አስኪደው፤ ምንጣፍ ሥር ከሆነ ይረገጣል፣ አንድ ቀን ይቆረጣል። የገመዱን አንዱን ጫፍ ከስፒከሩ እሰርና፣ ሌላውን ከአምፕሊፋየሩ ከማሰርህ በፊት አንድ የሪሞት ባትሪ ድንጋይ ያዝ። የባትሪውን ፖዘቲቭ ፖዘቲቭ ይሆናል ባልከው ጫፍ፣ ኔጌቲቩን በሌላው ለአፍታ ብቻ ንካና የስፒከሩን ትልቁን ሾጣጣ ወረቀት ተመልከት። ወደ ውጭ ከዘለለ ልክ ነህ፤ ወደ ውስጥ ከገባ ገመዱን አገላብጠኸዋል። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ድምፁም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ሰው ደግሞ ስፒከሩ ርካሽ ስለሆነ ይመስለዋል።

ከቲቪው ወደ አምፕሊፋየሩ፣ በሁለቱም ላይ ኤአርሲ የሚል ኤችዲኤምአይ ካለ እሱን ተጠቀም፤ ከሌለ ኦፕቲካል ገመድ ይበቃል። የቲቪውን የድምፅ ሜኑ ክፈትና ከፒሲኤም ወደ ቢትስትሪም ወይም አውቶ ቀይረው። ፒሲኤም ላይ ከተተወ በእነዚህ ገመዶች ሁለት ቻናል ብቻ ነው የሚያልፈው፤ አምስት ስፒከር ገዝተህ ሁለት ትሰማለህ። ከፍላሽ የምታየው ፊልም ምስሉ መጥቶ ድምፁ ከጠፋ፣ ቲቪው ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ ዓይነት አያነብ ይሆናል፤ ፍላሹን የሚያጫውት ትንሽ ሳጥን በኤችዲኤምአይ በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ብትሰካ ይፈታል። የዲሽ ጣቢያዎችና ዩቲዩብ ግን በአብዛኛው ድምፃቸው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ዜና ስታይ የኋላው ዝም ቢል ደንግጠህ አትደውልልኝ፤ አምፕሊፋየሩ ፕሮ ሎጂክ 2 የሚባለው ማከፋፈያ ካለው ሁለቱን ቻናል ለሁሉም ስፒከር ያከፋፍልልሃል።

ሰብዉፈሩን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ከ80 ሄርዝ በታች ያለው ቤዝ ሶሌታውንም ብሎኬቱንም ያልፋል። የክፍልህ ርዝመት 4.5 ሜትር ስለሆነ ደግሞ 38 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ግድግዳው ጋ ያብጣል፣ ሶፋህም እዚያው አጠገብ ነው ያለው። አንድ ቀን ከገዛህ ሰብዉፈሩን መጀመሪያ ራስህ በምትቀመጥበት ሶፋ ላይ አውጣው፤ ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈትና አንተ በአራት እግርህ እየዳህክ በየግድግዳው ሥር አዳምጥ። ሳያብጥ ጥርት ብሎ የሰማህበት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። ልጆች ካሉ ይስቁብሃል። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፍለት፣ ማታ ማታ ደግሞ በአምፕሊፋየሩ ላይ ናይት ሞድ የሚለውን፣ ከፍተኛውን ድምፅ የሚያለዝበውን፣ አብራው።