«ገመድ ስዘል አማቴ ማህፀንሽ ይወርዳል አሉኝ»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበቱ?

የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። 36 ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱንም በምጥ ነው የወለድኳቸው። ሥራዬ ቢሮ ነው። ጠዋት ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ የምነሳው ለምሳ ነው። ድሮ ፒያሳ ድረስ በእግሬ እሄድ ነበር። አሁን ባጃጅ ከደጄ ስለሚያነሳኝ እግሬም ሰነፈ። ክብደቴ 72 ኪሎ ገብቷል። በቅርቡ ራሴን ሲያመኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ግፊቴ 138 በ88 ነው ተባልኩ። ነርሷ «ጨው ቀንሺ፣ ስፖርት ሥሪ» ብላ ሸኘችኝ።

ለጂም ጊዜውም ብሩም የለኝም። ስለዚህ የልጄን ገመድ አንስቼ ግቢያችን ውስጥ መዝለል ጀመርኩ። ቲክቶክ ላይ «10 ደቂቃ ገመድ ከ30 ደቂቃ ሩጫ እኩል ነው፣ ቦርጭ ድራሹን ያጠፋል» ሲሉ ሰምቼ ነው። እኔ ግን ገና ከመጀመሬ ትንፋሽ ያጥረኛል። በማግስቱ ደግሞ ባቴና ቅልጥሜ አላራምድ ይለኛል።

አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። ሲያዩኝ «የልጆች እናት ሆነሽ እንደ እምቦሳ ትቦርቂያለሽ? ማህፀንሽ ይወርዳል!» አሉኝ። ጎረቤቶችም በአጥር እያዩ ይስቃሉ። እሱን እችለው ነበር። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው፤ ስዘል ሽንት ጠብ ይልብኛል። ለባለቤቴም አልነገርኩት። አማቴ ያሉት እውነት ይሆን እንዴ ብዬ ፈራሁ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ስሜ ይቆይ፣ ከጎንደር

መልስ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ደብዳቤውን ያስጻፈሽ እሱ ይመስለኛል።

በምጥ የወለደች ሴት ስትዘል፣ ስታስነጥስ ወይም ከልቧ ስትስቅ ሽንት ጠብ ማለቱ በጣም የተለመደ ነው። ቡና ላይ ስለማይወራ ነው እንጂ በአጥር ከሚስቁብሽ ሴቶች መካከልም የሚያውቁት ይኖራሉ። ፊኛንና ማህፀንን ከሥር ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ። በእርግዝናና በምጥ ጊዜ ይላላል። ዘለሽ ባረፍሽ ቁጥር የሆድሽ ዕቃ ጫና እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ካልጠነከረ ሽንት ያመልጠዋል።

ደስ የሚለው፣ ይህ ጡንቻ እንደ ክንድና እንደ እግር ጡንቻ በልምምድ ይጠነክራል። ሽንትሽን ለመቋጠር የምታጠብቂው እሱ ነው። ቁጭ ብለሽ ወይም ተጋድመሽ አጥብቂው፤ ወደ ውስጥና ወደ ላይ የምትስቢው ያህል። ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያዢ፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ጊዜ ሙሉ በሙሉ ልቀቂው። 10 ጊዜ ደጋግሚ፤ በቀን ሦስቴ። ቂጥሽንና ጭንሽን አትጨብጪ፣ ትንፋሽሽንም አትያዢ። ሽንት እየሸናሽ ግን አትለማመጂው። ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ብትሠሪው አጠገብሽ ያለው ሰው እንኳ አያውቅም። ለውጡ በሳምንት አይመጣም፤ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል።

አማትሽን ደግሞ ቶሎ አትቀየሚያቸው። እሳቸው እንስራ አዝለው ዳገት የሚወጡ፣ ደጋግመው የወለዱ፣ የአራስነት ወገባቸው ሳይጠና ወደ ሥራ የተመለሱ ሴቶች ማህፀናቸው ሲወርድ ያየ ትውልድ ናቸው። ፍርሃታቸው ከሜዳ አልመጣም። ግን ሸክምና ምጥ ያመጡትን ጣጣ በገመድ ላይ ነው የለጠፉት። በቀን ጥቂት ደቂቃ መዝለል ጤነኛ ማህፀን ያወርዳል የሚል ማስረጃ የለም። ቀድሞ መውረድ የጀመረ ከሆነ ግን ዝላይ ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ ከታች የመክበድ ስሜት ካለሽ፣ ወይም የሚወጣ ነገር ያለ ከመሰለሽ፣ ሳትመረመሪ ገመድ አትንኪ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እዚያው ከተማሽ ነው። የማህፀን ሐኪሙን ጠይቂ፤ ፊዚዮቴራፒ (በልምምድ የሚሰጥ ሕክምና) ቢልኩሽም እንዳታፍሪ።

ልተወው ወይስ ልቀጥል ላልሽው፣ ለጊዜው ስቀይው። አትጣይው ግን። አንድ ሁለት ወር ያን ጡንቻ እያጠነከርሽ፣ ወደ ቢሮ ስትሄጂ ወይም ስትመለሺ አንዱን ዙር በእግርሽ አድርጊው። የጎንደር ዳገት ያለ ክፍያ የሚሠራ ጂም ነው። ከዚያ ጥቂት ዘለሽ ሞክሪ። ጠብ ካላለብሽ ቀጥዪ።

አሁን ወደ ቦርጩ። እዚህ ላይ ሳላሳዝንሽ አልቀርም። ሆድን ለብቻው የሚያጠፋ ስፖርት የለም፤ ሰውነት ስቡን ከየት እንደሚቀንስ አንቺን አያማክርም። ያ የቲክቶክ ወሬም የተጋነነ ነው። ገመድ በደቂቃ ሲሰላ ፈጠን ካለ ሩጫ ጋር ይቀራረባል እንጂ ሦስት እጥፍ አይሆንም። 72 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዝግ ባለ ፍጥነት ለ10 ደቂቃ ቢዘል የሚያቃጥለው ወደ 100 ካሎሪ ነው። ግማሽ እንጀራ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ክብደቱን የሚቀንሰው በዋናነት ገበታው ነው፤ የወጡ ዘይት፣ የሻዩ ስኳር። ገመዱ ያግዛል እንጂ ብቻውን አይወጣውም።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ለልብሽ። ልብ በየጊዜው ጠንከር ያለ ሥራ ሲያገኝ በአንድ ምት ብዙ ደም መግፋት ይለምዳል፤ የደም ሥሮችም ይላላሉ፤ ግፊቱም ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። 140 በ90 የደም ግፊት በሽታ የሚባልበት ወሰን ነው። አንቺ ጠርዙ ላይ ነሽ፤ ይህ ደግሞ ስፖርት በደንብ የሚሠራበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ለአጥንትሽ። አጥንት የሚጠነክረው ጫና ሲያርፍበት ነው። መዋኘትና ብስክሌት ለልብ ጥሩ ናቸው፤ ለአጥንት ግን እንደ ዝላይ አይሆኑም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ሴት አጥንቷ ቶሎ ይሳሳል። በ36 ዓመት የምታጠራቅሚው ያኔ ይጠቅምሻል። እኔ ብሆን ገመድ የምዘለው ለዚህ ነበር፤ ቦርጭ የጉርሻ ያህል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይላል። ማደባለቅም ይቻላል። ገመድ ከጠንካራው ወገን ነው። የአንቺ እርምጃ ደግሞ ከመካከለኛው ይቆጠርልሻል።

ባትና ቅልጥምሽን ያሳመመሽ አጀማመርሽ ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ መዝለል ለጀማሪ ብዙ ነው። 20 ሰከንድ ዝለይ፣ 40 ሰከንድ እየተራመድሽ ዕረፊ። ይህን 10 ጊዜ ከደጋገምሽ በቂ ነው። አንድ ቀን እያሳለፍሽ በሳምንት ሦስት ቀን። የማይከብድሽ ሲሆን ዝላዩን አርዝመሽ ዕረፍቱን አሳጥሪ። ትንፋሽ ማጠሩ አያስደንግጥሽ፤ ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ለኑሮ ለምደሽዋል፤ ለጠንካራ ስፖርት ግን ሳሳ ያለው አየር ለማንም ይከብዳል። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ግን ወዲያው አቁሚ።

ከፍ ብለሽ አትዝለይ። ገመዱ ካለፈ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በእግርሽ ጣቶች ሥር ባለው ክፍል ረፊ እንጂ በተረከዝ አትውደቂ፤ ጉልበትሽ ትንሽ ይታጠፍ። ገመዱን የሚያዞረው የእጅ አንጓሽ ነው፤ ክንድሽ ከጎንሽ አይራቅ። የልጅሽ ገመድ ለአንቺ ያጥራል፤ አጎንብሰሽ እንድትዘዪ ያስገድድሻል። መሐሉን ረግጠሽ ጫፎቹን ወደ ላይ ስትስቢ ብብትሽ ጋ መድረስ አለበት። በሸበጥ ወይም በባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ እንዳትሞክሪው። ስኒከር አድርጊ፤ ጠፍጠፍ ያለ አፈር ከሲሚንቶ ይሻላል። ክረምት ሲገባ በረንዳ ላይ ወፈር ያለ ምንጣፍ ዘርጊ፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ግን እግርሽን ትሰብሪያለሽ። ቀሚስ ገመድ ይይዛል፤ ቱታ ልበሺ፤ ደረትሽን አጥብቆ የሚይዝ ጡት ማስያዣም ያስፈልግሻል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ ከበላሽ ሁለት ሰዓት ያህል አሳልፈሽ ማታ ዝለይ።

ስለ ጎረቤቶቹ ብዙ የምለው የለኝም። ሲለምዱት ይተዉታል። ለባለቤትሽ ግን ስለ ሽንቱ ንገሪው። ሐኪም ጋ የምትሄጂ ከሆነ ተደብቀሽ መሄድ የለብሽም።

ግፊትሽን በየወሩ ተለኪ፤ በተቀራራቢ ሰዓት፣ አምስት ደቂቃ አርፈሽ፣ ከመዝለልሽ በፊት። ዘለሽ እንደጨረስሽ የሚለካው ያታልልሻል። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከተደጋገመ ሐኪም ይይሽ። ከ180 በ110 ካለፈ ገመዱን አስቀምጠሽ በዚያው ቀን ሂጂ። መድኃኒት ጀምሪ ካሉሽም ጀምሪ፤ ገመድ የመድኃኒት ምትክ አይሆንም።