ቫልቩ መቼ ነው የሚዘጋው?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዱ ረዳቴ «ጋሼ፣ በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ካምሻፍት ማወቅ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ካምሻፍት፣ ባጭሩ ካም፣ የሞተሩን የአየር ማስገቢያና የጭስ ማውጫ በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹን፣ የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው። አልተቆጣሁትም። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል እኔም ደንግጬ ነበር። ግን ጋራዡ በር ላይ ቆሜ መንገዱን ሳይ፣ አብዛኛው የሚያልፈው መኪና ዛሬም ነዳጅ ጠጪ ነው። የነዳጁን ዋጋ ደግሞ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ወጣት እያለሁ አንድ የላዳ ታክሲ ባለቤት «ዳገት ላይ ይሞትብኛል» ብሎ መጣ። እኔ ደግሞ ወዳጄ ከውጭ ያመጣልኝ የውድድር ካም ነበረኝ። እጄን በልቶኛል። ቀየርኩለት። ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሞተሩ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ይበራል። እኔ በድምፁ ተደስቼ ሰጠሁት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰውየው ተመለሰ። «አንተ ልጅ፣ ቤንዚኑን በቱቦ ነው እንዴ የምትቀዳብኝ?» አለኝ። ዳገቱም እንደሆነ ብሶበት ነበር።

ምን ሆኖ ነው? ያ ካም የማስገቢያውን ቫልቭ ረጅም ጊዜ ከፍቶ ያቆየዋል። ሞተሩ በኃይል ሲሽከረከር ችግር የለውም፤ እየሮጠ የመጣ አየር በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን ወደ ላይ መውጣት ጀምሮም መግባቱን ይቀጥላል። ታክሲ ግን ሰው እየጫነ እያወረደ ነው የሚውለው። በዝግታ ሲሄድ አየሩ ከቤንዚኑ ጋር በገባበት ተመልሶ ይወጣል። ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን የሚያምቅበት መጠን፣ ይወርዳል። በደንብ ያልታመቀ ነዳጅ ደግሞ ይቃጠላል እንጂ አይገፋም። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ካም አየር አይፈጥርም። ይህ ያኔ አልገባኝም። የድሮውን ካም በራሴ ኪሳራ መለስኩለት።

የሚገርመው፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1997 ቤንዚንና ኤሌክትሪክ በሚያጣምረው መኪናው፣ በፕሪየስ፣ ላይ ይህንኑ ነገር ሆን ብሎ አደረገው። ቫልቩን አዘግይቶ ዘጋ፤ የገባው አየር ከፊሉ ተመልሶ እንዲወጣ ፈቀደ። ልዩነቱ ሲሊንደሩ ላይ ነው። በያሪስና በኮሮላ የምታውቁት 1 ኤንዜድ ሞተር ኮምፕሬሽኑ 10.5 ለ1 ነው፤ ፒስተኑ ታች ሲሆን ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ከሚቀረው 10.5 እጥፍ ነው ማለት ነው። የፕሪየሱ ግን 13 ለ1 ገደማ ነው። አየሩ ቀንሶ ቢገባም የሚታመቀው በቂ ነው፤ ከተቃጠለ በኋላ ግን ጋዙ ፒስተኑን ረጅም መንገድ ይገፋዋል። በጭስ ማውጫው በከንቱ ይሄድ የነበረው ጉልበት ጎማ ላይ ይውላል። በዚያ ላይ ሞተሩ በከፊል በተዘጋ ትሮትል፣ ማለትም በአየር መግቢያው በር፣ አየር ለመሳብ የሚያባክነው ጉልበት ይቀንሳል። ስትሮ ጫፉን ቆንጥጣችሁ ጭማቂ ለመሳብ ሞክሩ፤ ጉንጫችሁ ይነግራችኋል። በእርግጥ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የጎደለውን ኤሌክትሪክ ሞተሩ ይሞላለታል። ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። ጄምስ አትኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1882 ያንኑ ረጅም ግፊት ያገኘው በካም ሳይሆን በተወሳሰቡ የብረት ክንዶች ነበር።

ስለዚህ ካም ብቻውን አይነካም። ኮምፕሬሽኑን፣ መኪናው የሚውልበትን ፍጥነት፣ የሚሠራበትን ከተማ አብራችሁ አስቡ። እንደውም በእኛ ሥራ አዲስ ካም ከማስገባት ይልቅ ያለውን በቦታው መመለስ ነው የበለጠ ነዳጅ የሚያተርፈው። የካሙ ማርሽ 40 ጥርስ አለው እንበል። ስትገጥሙት አንድ ጥርስ ብትስቱ ካሙ 9 ዲግሪ ይዛነፋል፤ ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ በክራንክ ሻፍቱ፣ ሲቆጠር 18 ነው፤ እሱ ካሙ አንዴ ሲዞር ሁለቴ ይዞራልና። መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል። ነዳጅ ማደያው ግን ያውቃል።

ቪቪቲ-አይ፣ ማለትም ካሙ ቫልቮቹን የሚከፍትበትን ጊዜ እያሽከረከረ የሚለዋውጥ የቶዮታ ዘዴ፣ ያለው ቪትዝ ወይም ያሪስ ሲመጣም «ብዙ ይበላል» በተባለ ቁጥር ሴንሰር ለመግዛት አትሩጡ። ካሙን የሚያዞረው የዘይት ግፊት ነው። ወደ ዘይት መቆጣጠሪያው ቫልቭ በሚሄደው የዘይት መንገድ ላይ የጣት ጫፍ የምታክል ወንፊት አለች። ዘይት በወቅቱ ካልተቀየረ በጥቁር ዝቃጭ ትደፈናለች፤ ካሙም ባለበት ይቀራል። ስንት ሰው ስንት ዕቃ አስቀይሮ መጨረሻ ላይ ይህችን ወንፊት አጥበን ሸኝተነዋል!

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የቫልቭ ክዳኑን ክፈቱ፣ ካንዴላዎቹን አውጡ፣ በአንደኛው ሲሊንደር ቀዳዳ ረጅም ስትሮ ክተቱ። ክራንክ ሻፍቱን በቁልፍ ቀስ እያላችሁ በትክክለኛው አቅጣጫ አዙሩ። ማስገቢያው ሲከፈት ስትሮው ይወርዳል፣ ታች ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ መውጣት ይጀምራል። እዚህ ጋ ዓይናችሁን ወደ ቫልቩ መልሱ። ስትሮው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወጥቶም ቫልቩ ገና አልተዘጋም።