መልስ፦ ድምፁ ቀርቦ ሳለ ለንክኪው የሚሰጠው ምላሽ ለምን አልፈጠነም?

ጥያቄዎ፣ እጁ ሲነካ ቶሎ ምላሽ እንዲሰጥ የተነገረው ተሳታፊ ከቅርብ ድምፅ ሲሰማ ከሩቁ ይልቅ ይፈጥናል ብለው ጠብቀው ሳይፈጥን ስለ ቀረበት ሙከራ ነው። ምላሹ ያልፈጠነው በርቀቱ ምክንያት ነው፤ «ቅርብ» ያሉት ድምፅ ማጉያ ከተሳታፊው እጅ 1 ሜትር፣ «ሩቅ» ያሉት ደግሞ 2 ሜትር ላይ ስለ ተቀመጠ፣ አንጎል ሁለቱንም ከሰውነት አቅራቢያ ውጭ ያደርጋቸዋል። ቅርቡን ከእጁ አጠገብ ያኑሩት፤ ሁለቱም ድምፆች ጆሮ ላይ እኩል ጉልበት ይዘው እንዲደርሱ ያስተካክሉ፤ ዓይኑንም ይሸፍኑ።

እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ የጦጣዎች ጥናት፣ ፊት ሲነካ የሚነቁ አንዳንድ የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት ከራስ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ ለሚሰማ ድምፅም ምላሽ ሰጥተዋል፤ እጅግ የሚያስደንቀኝ ከእነርሱ መካከል ከድምፁ ጉላት ይልቅ ርቀቱን የሚለዩ መኖራቸው ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ እዚሁ ጎንደር፣ ግድግዳው ድንጋይ በሆነ ባዶ ክፍል ስሞክር የገደል ማሚቶው ቅርቡን ከሩቁ አደባለቀብኝ፤ ልዩነቱ የታየኝ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ከሸፈንሁ በኋላ ነው።