ለቤተሰብና ለንብረት ጉዳይ አስማሚ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይሾማል? (ለተጠየቀው መልስ)

ሰላም እህታችን። ጥያቄዎን ላላነበቡ ባጭሩ ላስቀምጠው። ወንድምዎና ባለቤቱ ሊለያዩ ነው። ሁለት ልጆች አሉ፣ የጋራ ቤት አለ፣ ወንድምዎ ከአጎታችሁ ልጅ ጋር በሽርክና የያዘው ንግድም አለ። ክስ ከመጀመሩ በፊት በአስማሚ ለመነጋገር ሁለቱም ፈቃደኛ ናቸው። ነገር ግን የእሱ ጠበቃ ያቀረበውን ሰው እሷ «የእነሱ ሰው ነው» ብላ አልተቀበለችም። «ብቁ አስማሚ ከየት ይገኛል? አሿሿሙስ እንዴት ነው?» ብለው ጠይቀዋል።

እሷ ያለችው እውነት ሆነም አልሆነ ያ ስም ለጊዜው ይቀመጥ። ሰውየው የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን ስሙ በአንድ ወገን በኩል ብቻ ከመጣ፣ ንግግሩ የከበደ ዕለት «ድሮም የእነሱ ነበር» መባሉ አይቀርም። ከሰውየው በፊት መስማማት ያለባቸው በአመራረጡ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው አካሄድ ይህ ነው። ሁለቱም ሦስት ሦስት ስም ጽፈው በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይለዋወጡ። በሁለቱም ዝርዝር ላይ የተገኘ ስም ካለ እሱ ይያዛል። ከሌለ እያንዳንዳቸው ከሌላው ዝርዝር ሁለት ሁለት ስም ይሰርዙ፤ የቀሩትን ሁለት ሰዎች አብረው ያነጋግሩና ይወስኑ። በዚህም ካልተስማሙ ስም የሚሰጣቸው አካል ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ተጽፎ ይደር፦ የአስማሚዎች መዝገብ ያለው ፍርድ ቤት፣ የማስማማት ማዕከል ወይም የጠበቆች ማኅበር ሊሆን ይችላል። ለየእርምጃው ቀን ይቆረጥ፤ ሰባት ሰባት ቀን ይበቃል። ቀን ካልተቆረጠ «እያሰብኩበት ነው» የሚለው መልስ ወራት ይበላል። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሻሻለው የማስማማት ሞዴል ሕግም (አገሮች የራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ የሚከተሉት ናሙና) ለንግድ ጉዳዮች የተዘጋጀ ቢሆንም ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ለማስማማት የተጋበዘው ወገን በ30 ቀን ወይም በግብዣው ላይ በተጠቀሰው ሌላ ጊዜ ውስጥ ካልተቀበለ፣ ጋባዡ ዝምታውን እንደ እምቢታ ሊቆጥረው ይችላል።

ስሞቹን ከላይ ከጠቀስኳቸው ተቋማት መዝገብ ማግኘት ይቻላል። መዝገብ ላይ መስፈር ግን መነሻ ብቻ ነው። በብዙ አገሮች መሠረታዊው ሥልጠና 40 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከአንድ የሥራ ሳምንት አይበልጥም። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን አይቶ ከመርካት ከዚያ ወዲህ ምን እንደሠራ መጠየቅ ይሻላል። በታዛቢነት የተቀመጠበትን ሳይጨምር በዋና አስማሚነት ስንት ጉዳይ መርቷል? ከእነዚህ ውስጥ ልጆች የነበሩበት ስንቱ ነው? በልጆች ጉዳይና በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ የተለየ ሥልጠና ወስዷል? ቅሬታ ቢነሳበት የሚታየው የት ነው? ሐሳብ ይሰጣል ወይስ ንግግሩን ብቻ ይመራል? ለመጨረሻው ጥያቄ ትክክለኛ የሚባል አንድ መልስ የለም፤ ሁለቱም ወገኖች የሚጠብቁት ተመሳሳይ ይሁን እንጂ። «ከያዝኩት መቶ ጉዳይ ዘጠና አምስቱ በስምምነት አልቋል» የሚል አስማሚ ካጋጠማቸው በበኩሌ እጠራጠራለሁ። ሰውን እየገፉ ማስፈረምም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

እዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ችግር አለ። የልጆችን አኗኗር በደንብ የሚያስማማ ሰው የሽርክና ሂሳብ ማንበብ ላይችል ይችላል፤ የንግድ አስማሚውም እናትና አባት ፊት ለፊት ሲቀመጡ ይቸገራል። ሁለት አስማሚ በአንድ ላይ መሾም ይቻላል፤ ወጪው ግን እጥፍ ነው፣ ለአራት ሰው የሚመች ቀን ማግኘትም ቀላል አይደለም። እኔ የምመርጠው የቤተሰብ ልምድ ያለውን አንድ አስማሚ ሾሞ ለንግዱ ድርሻና ለቤቱ በጋራ የተቀጠረ አንድ ገለልተኛ ገማች መጨመር ነው። በየፊናቸው ገማች ካመጡ ግን የንግግሩ ጊዜ ሁለቱን ቁጥሮች በማከራከር ያልቃል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል፤ አስማሚው ያሉትን ግንኙነቶች አስቀድሞ ማሳወቁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። እጩው «ገለልተኛ ነኝ» ማለቱ አይበቃም፣ ማንን በተመለከተ እንደሚጠየቅ ማወቅ አለበትና። ሁለቱ ወገኖች የጋራ የስም ዝርዝር ያዘጋጁለት፦ ባልና ሚስቱ፣ የአጎት ልጅ፣ የንግዱ ስም፣ የሁለቱም ጠበቆችና ቢሮዎቻቸው፣ የሂሳብ ሠራተኛው፣ ቤቱን በመያዣነት የያዘ ባንክ ካለ እሱም። ደብዳቤው ለሁለቱም ግልባጭ ተደርጎ እንዲህ ይጻፍ፦ «ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ሰዎችና ድርጅቶች ጋር አሁንም ሆነ ቀደም ሲል የዝምድና፣ የሥራ፣ የገንዘብ ወይም የምክር ግንኙነት ካለዎት፣ ከነዚሁ ጠበቆች የተላኩልዎት ሌሎች ጉዳዮች ካሉም፣ በጽሑፍ ይግለጹልን። ሥራውን ከጀመሩ በኋላ የሚያውቁት ነገር ቢኖርም ወዲያው ያሳውቁን።» ብዙ ሰው የሚረሳው የጠበቆቹን ነገር ነው። አንድ አስማሚ ከአንድ ጠበቃ በየጊዜው ሥራ የሚላክለት ከሆነ ዝምድና ባይኖርም ጥቅም አለ። ግንኙነት ተገኘ ማለት ደግሞ ሰውየው የግድ ይቀራል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም አውቀውት በጽሑፍ ከተቀበሉት መቀጠል ይችላል።

ይህ ለይምሰል የሚደረግ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 የጸደቀውና ከመስከረም 12 ቀን 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሲንጋፖር ኮንቬንሽን (በማስማማት የተደረሱ ስምምነቶች በሌላ አገር እንዲፈጸሙ የሚያደርግ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት) አንቀጽ 5 ላይ፣ አስማሚው በገለልተኝነቱ ላይ ተገቢ ጥርጣሬ የሚፈጥር ነገር ሳይገልጽ ከቀረና አንዱ ወገን ይህን ቢያውቅ ኖሮ ስምምነቱ ውስጥ የማይገባ ከነበረ፣ የተፈረመው ስምምነት እንዳይፈጸም ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተደንግጓል። እግረ መንገዴን ልጨምር፤ ኮንቬንሽኑ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ባሕርይ ያላቸውን የንግድ ስምምነቶች ነው። የቤተሰብ፣ የውርስና የሠራተኛ ጉዳዮችን በግልጽ አውጥቷቸዋል። ስለዚህ ከሽርክናው ጋር የተያያዘ ሰው ወይም ንብረት ሌላ አገር ካለ፣ የንግዱንና የቤተሰቡን ስምምነት በአንድ ሰነድ ላይ አያደባልቁት።

አስማሚው ሁለቱን አንድ ላይ ከማስቀመጡ በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ፣ ሌላው በማይሰማበት ቦታ ማነጋገር አለበት። ብዙውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የሚፈለገው ፍርሃት፣ ዛቻ፣ ድብደባ፣ የገንዘብ ቁጥጥር መኖር አለመኖሩን ማወቅ ነው። ለሁለቱም ስልክ የሚመልሰው አንዱ ብቻ ከሆነ፣ ወይም አንዷ ለሁሉም ጥያቄ «እሱ ያለው ይሁን» የምትል ከሆነ፣ ያ ፈቃደኝነት ላይሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ በተለያየ ክፍል ሆነው አስማሚው እየተመላለሰ የሚያነጋግርበት መንገድ አለ፤ ጨርሶ ማቆምም አለ። «የግል ውይይት አያስፈልግም፣ በቀጥታ አብረን እንጀምር» የሚል የቤተሰብ አስማሚ፣ የቀረው ሁሉ ቢያምርም፣ አይሾም።

የአጎት ልጅን ነገር አትዘንጉ። እሱ ያልፈረመበት ስምምነት እሱን አያስገድደውም። ባልና ሚስቱ «ግማሹ ድርሻ ለእሷ ይዛወር» ብለው ቢፈርሙ፣ የሽርክናው ውል የሸሪክን ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ያ አንቀጽ ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ንግዱ በሚነሳበት ክፍለ ጊዜ እንዲገኝ፣ በምስጢር ጠባቂነቱም ላይ እንዲፈርም አስቀድሞ ይጠየቅ። የልጆቹ ጉዳይ ሲነሳ ግን ወጥቶ ይጠብቅ።

ከዚያ የሹመት ውሉ ይመጣል። ሁለትና ሦስት ገጽ ይበቃል፣ በቃል ግን አይሆንም። የሚታዩት ጉዳዮች በስማቸው ይዘርዘሩ፦ ቤቱ፣ የንግዱ ድርሻ፣ ዕዳው፣ የልጆች አኗኗርና ቀለብ። ምስጢር ጠባቂነቱ ከነገደቡ ይጻፍ፤ በልጅ ላይ የሚደርስ ጉዳት ወይም በሰው ሕይወት ላይ የሚሰነዘር ዛቻ ከምስጢሩ ውጪ መሆኑ በግልጽ ይቀመጥ። አስማሚው በኋላ ምስክር ሆኖ እንደማይጠራ፣ ነገሩ ባይሳካ በዚሁ ጉዳይ ግልግል ዳኛ (ማለትም ውሳኔ የሚሰጥ) እንደማይሆን ይጻፍ። ሁለቱም ሰነዶቻቸውን (የባንክ መግለጫ፣ የንግዱን ሂሳብ፣ የቤቱን ካርታ) የሚያስረክቡበት ቀን ይቆረጥ፤ ከመጀመሪያው የጋራ ውይይት አሥር ቀን ቢቀድም ጥሩ ነው። ይርጋ (ክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) የሚያሰጋው ነገር ካለ ንግግሩ እየተካሄደ ጊዜው እንዳያልቅ ጠበቆቹ ምን ማድረግ እንደሚቻል ቀድመው ያጣሩ፤ አንዳንድ አገር በስምምነት ማቆም ይቻላል፣ አንዳንድ አገር ግን ክስ መክፈት ግድ ይላል። ስምምነት ላይ ሲደረስ አስማሚው ማስማማቱ መካሄዱን በፊርማው ለማረጋገጥ ፈቃደኛ መሆኑም አሁኑኑ ይጠየቅ። የልጆቹን ክፍል ደግሞ ፍርድ ቤት ለልጆቹ የሚበጅ መሆኑን ሳያይ እንደማያጸድቀው ሁለቱም ይወቁት።

ክፍያን በተመለከተ በሰዓት ነው ወይስ በቀን፣ የንባብና የስልክ ጊዜ ይታሰባል ወይ፣ ቀጠሮ ቢሰረዝ ምን ያህል ይቀራል፣ የሚለው በጽሑፍ ይሁን። እኩል መክፈል ይመረጣል። እሷ አቅም ከሌላት ወንድምዎ ቢሸፍን ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን ውሉ ላይ ይገለጽ፤ ገንዘቡም በአስማሚው እጅ ሳይሆን በማዕከሉ ወይም በአንድ ጠበቃ የአደራ ሂሳብ በኩል ቢያልፍ ጥርጣሬ ይቀንሳል። «ከተስማማችሁ ይህን ያህል በመቶ» የሚል አስማሚ በፍጹም አይያዝ፤ እጁ ላይ የራሱ ጥቅም ካለ ንግግሩን ማቆም በሚገባው ሰዓት አያቆመውም።

በመጨረሻ እያንዳንዳቸው በማንኛውም ጊዜ ምክንያት ሳይሰጡ መውጣት እንደሚችሉ፣ አስማሚውም ራሱን ማግለል እንደሚችል ይጻፍ። አስማሚው ከተቀየረ አዲሱ ሰው የቀድሞውን ማስታወሻ አይረከብም። የሚረከበው ባልና ሚስቱ ራሳቸው ያስገቧቸውን ሰነዶችና እስከዚያ ድረስ በፊርማ የጸደቁ ነጥቦች ካሉ እነሱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በየክፍለ ጊዜው ማብቂያ የተስማሙበት ነገር ካለ እዚያው ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት።