«አሮጌ ቤት አይፈርስም» ይሉኛል፤ እውነት ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ መሀል ከተማ ከአያታችን የወረስነው ባለ አንድ ፎቅ የእንጨትና ጭቃ ቤት አለን። የሰገነቱ መከታና መዝጊያዎቹ የተቀረጸ ዋንዛ ናቸው። ለመንገድ ማስፊያ ይነሳል ተብሎ ልኬት ተወስዷል። ጎረቤቶቼ «ዕድሜው ገፍቷል፣ ቅርስ ነው፣ አይነኩትም» ይሉኛል። ልመናቸው?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይተማመኑ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ በተግባር ግን የሚከራከሩበት ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይም ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ማን እንዳሠራው፣ መቼ፣ ለምን አገልግሎት እንደዋለ ይግለጹ። የድሮ ውል ወይም የግብር ደረሰኝ ካለ ያያይዙ፤ ከተማዋ በቀድሞ ስሟ «መንቆረር» ተብላ የተጠቀሰችበት ወረቀት ከተገኘ ለዕድሜው ጥሩ ድጋፍ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ለቅርስ መሥሪያ ቤት ማመልከት የካሳውን አቤቱታ ጊዜ አያቆምም። የመሬት ይዞታ ማስለቀቅንና ካሳን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከደረሰዎት ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት አለብዎት። በውሳኔው ካልተስማሙ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። «ከባህል ቢሮ መልስ እየጠበቅሁ» ብሎ ቀኑን ያሳለፈ ሰው ቤቱንም ክርክሩንም ያጣል። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ያስገቡ። አዋጁ በኋላ ተሻሽሏልና ማሻሻያውንም ከጎኑ አድርገው ያንብቡ።

ካሳው የሚሰላው ቤቱን ዛሬ ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። ገማቹ ቅጹ ላይ «ጭቃ ቤት» ብሎ ካለፈው የእጅ ባለሙያ ወራት የደከመበት ቅርጽ ከተራ ሳንቃ ጋር ይቆጠራል። ይህ በእውነት ያሳዝናል፤ መከላከል ግን ይቻላል። ገማቹ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ፣ መዝጊያና መስኮት ሜትር አጠገቡ አስደግፈው ፎቶ ያንሱ። የግድግዳውን ውፍረት፣ የክፍሉን ከፍታ፣ የምሰሶዎቹን ብዛትና የእንጨቱን ዓይነት (ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ) ይጻፉ። አንድ አናጢ የቅርጹን ሥራ ለብቻው በዛሬ ዋጋ ተምኖ በፊርማው ይስጥዎ፤ በግምቱ ላይም ራሱን ችሎ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ግምቱ ሳያልቅ አንድ መዝጊያ እንኳ አይንቀሉ፤ የተነቀለው አይቆጠርም። ካለቀ በኋላ ግን መዝጊያዎቹንና መከታውን ለማንሳት በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ። ዶዘር ከገባ የሚተርፍ እንጨት የለም።

መንገዱ ከፊቱ 2 ወይም 3 ሜትር ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ የባሰ ይጠንቀቁ። ግድግዳው ሲቆረጥ ማገሩ ይላቀቃል፣ ወራጁ ያለ ድጋፍ ይንጠለጠላል፤ ጭቃው ክረምቱን አይችልም። የግንባታ ባለሙያ «ቀሪው አያገለግልም» ብሎ ከጻፈልዎ ካሳው ለሙሉው ቤት እንዲታሰብ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ነኝ። ካሳ ሳይከፈለኝ ልቀቅ ተብያለሁ።

መልስ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ እንዲከፈል ያዝዛል። ይህን ጠቅሰው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ያልተቀበሉትን ገንዘብ ተቀብያለሁ ብለው አይፈርሙ።